ዘጠነኛው ኪሎ ሜትር ላይ የሚገለበጠው ሮኬት፦ የጉዳይ ጥናት ከአዳማ

ሮኬቱ ያለው ኮምፒውተር ውስጥ ነው፤ ከርባል ስፔስ ፕሮግራም በሚባለው የጠፈር በረራ ጨዋታ ውስጥ። የሠሩት ሦስት የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎች ናቸው። ቦታው አዳማ፣ ደንበላ፣ የአንዷ ተማሪ ቤት ሳሎን ነው። እኔ የፊዚክስ መምህር ነኝ፤ ቅዳሜና እሑድ ከሰዓት በኋላ እየሄድኩ አብሬያቸው እቀመጥ ነበር። ይህ ሮኬት ሳያንገራግር ምህዋር ሲገባ ከርሞ፣ የአየርን ጠባይ ወደ እውነቱ አስጠግቶ የሚያሰላ ሞድ (በጨዋታው ላይ የሚጫን ተጨማሪ ፕሮግራም) በተጫነበት ቀን ዘጠነኛው ኪሎ ሜትር ላይ ተገለበጠ። ምክንያቱን እስክናገኝ ስምንት ማስወንጨፍና አንድ ወር ያህል ፈጀብን። ከዚያ ውስጥ አንዱን ሳምንት የበላው እኔ ራሴ ያስተማርኳቸው ደንብ ነው። ስለዚህ ታሪኩን ከነስህተቱ እጽፈዋለሁ።

ልጆቹን በሥራቸው እጠራቸዋለሁ። ሮኬቱን የምትገጣጥመው ገንቢዋ ናት፤ ላፕቶፑም የእሷ ቤት ነው። የአክስቷ ልጅ አብራሪው ነው፤ እጁ ፈጣን፣ ልቡም ፈጣን። ሦስተኛው ዝምተኛ የጎረቤት ልጅ ነው፤ ደብተር ይዞ ጎናቸው ተቀምጦ ከፍታና ፍጥነት ይጽፋል። መዝጋቢው እለዋለሁ።

ጨዋታው ስለ አየር የሚለው

ከርባልን የሠራው ስኳድ የተባለ የሜክሲኮ ድርጅት ነው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ የወጣው በ2011 እ.ኤ.አ. ነው። ተጫዋቹ ታንክ፣ ሞተርና ክንፍ እየገጣጠመ ሮኬት ይሠራል፣ ከዚያ ያበረዋል። ከርቢን የተባለችው የጨዋታው ፕላኔት ትንሽ ናት፤ ከመሃሏ እስከ ገጿ 600 ኪሎ ሜትር ብቻ። የስበት ጉልበቷ ግን ከምድር ጋር እኩል ነው። አየሯ 70 ኪሎ ሜትር ላይ ያልቃል። ዝቅተኛ ምህዋር ላይ ለመቆየት በሰከንድ 2,300 ሜትር ገደማ ይበቃል፤ በምድር ላይ ይህ ቁጥር 7,800 አካባቢ ነው። የስበቱ ሒሳብ በዚህ ጨዋታ ውስጥ በጣም ጥሩ ስለሆነ ክፍል ውስጥ በጠመኔ ላስረዳ ስለፋ የኖርኩትን የኬፕለር ሕግ ልጆቹ በአንድ ከሰዓት ሲጨብጡት አይቻለሁ።

ደካማው ጎን አየሩ ነበር። እስከ ሚያዝያ 2015 እ.ኤ.አ. ድረስ፣ ማለትም 1.0 የሚለው ዕትም እስኪወጣ፣ ጨዋታው የአየርን መጎተት የሚያሰላው ከቅርጽ ሳይሆን ከክብደት ነበር። ሹል የአፍንጫ ቆብ ብትገጥም ቆቡ ክብደት ስለሚጨምር መጎተቱም ይጨምራል! ታችኛው አየር እንደ ገንፎ የወፈረ ስለነበር ተጫዋቾች አንድ ልማድ አወጡ፦ ቀጥ ብለህ 10 ኪሎ ሜትር ውጣ፣ ከዚያ በአንዴ 45 ዲግሪ አጋድል። 1.0 አየሩን አሻሻለው። ልማዱ ግን ከአንዱ ተጫዋች ወደ ሌላው እየተላለፈ ቀረ። አብራሪው የተማረውም ይህንኑ ነው፣ ከታላቅ ወንድሙ።

ፌራም ኤሮስፔስ ሪሰርች የሚባለው ሞድ፣ ልጆቹ ባጭሩ ፋር የሚሉት፣ ከዚህ በጣም ይለያል። ሮኬቱን እንደ ዕቃዎች ድርድር አያየውም፤ ሙሉ አካሉን በጥቃቅን ኩቦች ሞልቶ፣ ከአፍንጫ እስከ ጅራት እየከተፈ፣ በእያንዳንዱ ክታፊ ላይ ስፋቱ ስንት እንደሆነ ይለካል። ስፋቱ በድንገት የሚያብጥበት ወይም የሚሰረጉድበት ቦታ ካለ፣ የድምፅ ፍጥነት አካባቢ ሲደርስ ቅጣቱ ከባድ ይሆናል። ይህ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ሪቻርድ ዊትኮምብ ናካ በተባለው የአሜሪካ የበረራ ምርምር ተቋም ላቦራቶሪ ያገኘው የስፋት ሕግ ነው፤ የዚያን ዘመን ተዋጊ አውሮፕላኖች ወገባቸው እንደ ጠርሙስ እንዲቀጥን ያደረገው እሱ ነው።

ሞዱ በፍላሽ ነው የመጣው። ገንቢዋ ጫነችው፣ የቀድሞውን ሮኬት ሳትነካ ማስወንጨፊያው ላይ አቆመችው።

ሮኬቱ

የሮኬቱን ቅርጽ በደንብ መግለጽ አለብኝ፤ ጉዳዩ ያለው እዚያ ነውና።

ልጆቹ ሊያስመስሉ የፈለጉት ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይናው ታይዩዋን ማዕከል በሎንግ ማርች 4ቢ ሮኬት የተወነጨፈችውን የኢትዮጵያ የመጀመሪያ ሳተላይት፣ ኢቲአርኤስኤስ-1ን ነው። የእውነቷ ሳተላይት 70 ኪሎ ገደማ ናት። የእነሱ ግን ከዚያ በጣም ትበልጣለች፤ ገንቢዋ አንቴናውንም፣ የፀሐይ ሰሌዳውንም፣ ካሜራውንም ሳትቆጥብ ስለደረደረች ጭነቱ 2.5 ሜትር ወርድ አወጣ። የሮኬቱ አካል 1.25 ሜትር ነው። ከሩቅ ሲታይ እንጉዳይ ይመስላል። ሦስት ክንፎች አሉት፤ የተገጠሙት ግን ከታች ጅራቱ ላይ ሳይሆን ከላይ ሁለተኛው ደረጃ ላይ ነው፤ ማለትም የታችኛው ክፍል ነዳጁን ጨርሶ ሲጣል በረራውን በሚቀጥለው ክፍል ላይ። ለምን እዚያ እንዳደረገቻቸው ስጠይቃት፣ «ቲቸር፣ ከታች ሲሆኑ ማስወንጨፊያውን ይነካሉ ብዬ ነው» አለችኝ። ሞተሩ ኃይለኛ ነበር፤ ሲነሳ የሚገፋበት ጉልበት ከክብደቱ 2.1 እጥፍ ነው።

ያለ ሞዱ ይህ ሁሉ አያስቸግርም ነበር። በጨዋታው ውስጥ ሪአክሽን ዊል የሚባለው የሚሽከረከር ጎማ አፍንጫውን ወደፈለግከው አቅጣጫ ያዞርልሃል። እውነተኛ ሳተላይቶችም ይህ ጎማ አላቸው፤ ጉልበቱ ግን በጣም ትንሽ ስለሆነ አየር በሌለበት፣ በዝግታ ነው የሚያዞራቸው። ጨዋታው ውስጥ እንደ በሬ ጠንካራ ነው። የሮኬቱን ጥፋት ሁሉ ተሸክሞ ያሳለፈው ይህ ጎማ ነው፤ ልጆቹም ጥፋት እንዳለ የሚያውቁበት መንገድ አልነበራቸውም።

የመጀመሪያዎቹ አራት በረራዎች

አንደኛው በረራ ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሆነ። ሮኬቱ ቀጥ ብሎ ወጣ። 9 ኪሎ ሜትር አካባቢ፣ በሰከንድ 430 ሜትር እየበረረ ሳለ አብራሪው ማጋደል ጀመረ። አፍንጫው ትንሽ እንዳዘነበለ መታዘዙን ተወ፤ በራሱ እየፈጠነ ዞረ፣ ጎኑን ለአየሩ ሰጠ፣ ተበተነ። ሳሎኑ ዝም አለ። መዝጋቢው ደብተሩ ላይ የጻፈው ይህን ነው፦ «9.1 ኪ.ሜ. ግፊት 31። ከ4 ዲግሪ በኋላ እምቢ አለ።»

የአብራሪው የመጀመሪያ ፍርድ ሞዱ ተበላሽቷል የሚል ነበር። አጥፍቶ እንደገና ጫነው። ሁለተኛውም በረራ እዚያው ከፍታ ላይ ተገለበጠ። እኔ በልቤ ደስ አለኝ፤ ሁለት ጊዜ በአንድ ቦታ የሚወድቅ ነገር ምክንያት አለውና።

በሦስተኛው ገንቢዋ ክንፍ አነሰው ብላ ሦስት ጨመረች፤ ከነበሩት ጎን፣ እዚያው ላይኛው ደረጃ ላይ። አሁን ማጋደል እንኳ ሳይጀመር 4 ኪሎ ሜትር ላይ ተገለበጠ። «ክንፍ ጨምረን ባሰበት?» አለች። ጥያቄው ትክክለኛ ነበር፣ መልሱም እዚያው ነበር፤ ያን ጊዜ ግን ማንም አላየውም። በአራተኛው አብራሪው ተጨማሪ ጎማዎች አስገጠማት። ሮኬቱ እስከ 8 ዲግሪ ተጋደለ፣ ከዚያ እንደ ሸንኮራ አገዳ ለሁለት ተሰበረ።

እዚህ ላይ አቁሜያቸው ስለ ግፊት አስረዳሁ። በአዲስ አበባ አዳማ ፈጣን መንገድ በመኪና ስትሄዱ እጃችሁን በመስኮት አውጥታችሁ ታውቃላችሁ? በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ሲነዳ፣ በእኛ ከፍታ ባለው አየር፣ የነፋሱ ግፊት በካሬ ሜትር 400 ኒውተን ገደማ ነው። አንድ መዳፍ ላይ ሲያርፍ ሦስት አራተኛ ሊትር ውኃ የያዘ ጠርሙስ ያህል ይከብዳል። መዝጋቢው የጻፈው 31 ደግሞ 31 ሺህ ነው። የዚህ 75 እጥፍ ያህል። ያው መዳፍ ላይ ከግማሽ ኩንታል በላይ ጤፍ ማለት ነው። ግፊቱ በአየሩ ውፍረትና በፍጥነቱ ካሬ ይወሰናል፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። አብራሪው እጁን አየት አድርጎ ጠረጴዛው ላይ አሳረፈው።

ግፊቱ ብቻውን ግን ሮኬት አይገለብጥም። ወሳኙ አፍንጫው ከሚበርበት አቅጣጫ ስንት ዲግሪ እንዳፈነገጠ ነው። ለዚህ ሩቅ መሄድ አላስፈለገንም። ከአዳማ ዳር ኮረብቶቹ ላይ የቆሙት የነፋስ ማመንጫዎች፣ በ34 ተርባይን የጀመረው አዳማ አንድና 102 የተጨመረበት አዳማ ሁለት፣ ነፋሱ ሲበረታ ላባቸውን በራሱ ዘንግ ላይ አዙረው ስለቱን ለነፋሱ ይሰጣሉ። ነፋሱ ያው ነው፤ ማዕዘኑ ሲቀንስ ግን ላባው ላይ የሚያርፈው ጉልበት ይቀንሳል። ገንቢዋ በባጃጅ ስታልፍ አይታው ታውቃለች፤ የተበላሹ ይመስሏት ነበር።

መብራት የጠፋበት እሑድ

በሁለተኛው ሳምንት እሑድ፣ ገና ቡና ሳይፈላ መብራት ጠፋ። የላፕቶፑ ባትሪ አርጅቷል፤ ወዲያው ሞተ። የገንቢዋ እናት «መምህር፣ ይመጣል፣ ትንሽ ይቀመጡ» ብለው የተቆላ ገብስ አቀረቡልን። እኔ ባዶ የፓስታ ካርቶን ጠየቅኳቸው።

ከኮምፒውተር በፊት ሮኬት የሚሠሩ ሰዎች የሚጠቀሙበት ቀላል መንገድ አለ። የሮኬቱን የጎን ምስል ካርቶን ላይ ትስላለህ፣ ትቆርጠዋለህ፣ እስክሪብቶ ላይ ሚዛን እስኪጠብቅ ታንቀሳቅሰዋለህ። የቆመበት ነጥብ፣ ነፋስ በጎን ሙሉ በሙሉ ቢመታው ግፊቱ የሚጠራቀምበት ቦታ ነው። ግምታዊ ነው፤ በትንሽ ማዕዘን ለሚበር ሮኬት ትክክለኛውን ቁጥር አይሰጥም፤ ትልቅ ጥፋት ግን አይሰውርም። ይህን የግፊት ማዕከል በለው። ሌላው የክብደት ማዕከል ነው፣ ሮኬቱ አየር ላይ የሚዞርበት። የግፊቱ ማዕከል ከክብደቱ ማዕከል በስተኋላ ከሆነ ነፋሱ ጅራቱን ወደ ኋላ እየገፋ አፍንጫውን ያቀናል፤ ፍላጻ ላባው ኋላ የሆነው ለዚህ ነው። በስተፊት ከሆነ አንዲት ዲግሪ ስታፈነግጥ ነፋሱ ራሱ ወደባሰው ይገፋሃል።

ገንቢዋ አንዱን ሜትር በአንድ ሴንቲ ሜትር አድርጋ ሳለች፣ ቆረጠች። ካርቶኑ ሚዛን የጠበቀው ከግማሹ በላይ፣ ወደ ጭንቅላቱ ተጠግቶ ነው። የክብደቱን ማዕከል ከጨዋታው ታስታውሰዋለች፤ ከዚያ ወደ ሁለት ሴንቲ ሜትር ዝቅ ይላል፣ በሮኬቱ ላይ ሁለት ሜትር። ካርቶኑን በእጇ ይዛ ዝም አለች። ከዚያ ላይኛው ደረጃ ላይ ያሉትን ክንፎች በመቀስ ቆርጣ ጣለችና እንደገና አስቀመጠችው። ነጥቡ ወደ ኋላ ሸሸ። «ላባውን አፍንጫው ላይ ነው ያደረግኩት» አለች። ሦስተኛው በረራ ለምን 4 ኪሎ ሜትር ላይ እንደወደቀ በዚያች ቅጽበት ገባት፤ ማንም አልነገራትም።

መብራቱ ምሽት 12 ሰዓት ላይ መጣ። ሳተላይቷን ጠበብና ረዘም አድርጋ እንደገና ሠራች፣ በሽፋን ሸፈነቻት፣ አራት ክንፍ ከታች ገጠመች። የጨመረቻቸውን ጎማዎች አወጣች። የፋር የመመርመሪያ ሠንጠረዥ አፍንጫው ሲያፈነግጥ የሚያቀናው ኃይል እንዳለ አሳየ። ሁላችንም ጉዳዩ አለቀ ብለን ነበር።

አምስተኛው በረራ 9 ኪሎ ሜትር ላይ ተበተነ።

የእኔ ደንብ ያሳሳተን

ቤተ ሙከራ ውስጥ ሁልጊዜ የምላቸው ነገር አለ፦ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለውጡ፣ ያልሠራውን መልሱት፣ ቀጥሎ ሌላውን ሞክሩ። ጥሩ ደንብ ነው፣ አሁንም አስተምረዋለሁ። ልጆቹ ታዘዙኝ። አምስተኛው ስለወደቀ ቅርጹ ጥፋተኛ አይደለም አሉ፤ ገንቢዋ እያዘነች እንጉዳዩን መልሳ አቆመችው፣ ከነክንፎቹ። በስድስተኛው አበራረሩን ለወጡ፤ ግፊቱን ቀነስ አድርገው ከመጀመሪያው ጀምሮ በዝግታ አጋደሉ። 7 ኪሎ ሜትር ላይ ተገለበጠ። ስለዚህ አበራረሩም ጥፋተኛ አይደለም። ሁለቱም ከተጠርጣሪነት ወጡ፤ እኔም እዚያው ተቀምጬ በሐሳባቸው ተስማማሁ።

ቀሪው ሳምንት በነዳጅ ላይ ጠፋ። አብራሪው ታንኩ ሲጎድል የክብደቱ ማዕከል ወደ ኋላ ይሸሻል አለ። ሐሳቡ ብልህ ነው። ገንቢዋ ማስወንጨፍ ሳያስፈልጋት መገጣጠሚያው ላይ የታችኛውን ደረጃ ነዳጅ እየቀነሰች ተመለከተች፤ ማዕከሉ ወደ ኋላ ሳይሆን ወደ ላይ፣ ወደ አፍንጫው ሄደ። ታችኛው ሲቀል ላይኛው ያመዝናልና። ይህ ሮኬቱን የሚረዳ እንጂ የሚጎዳ አይደለም። ጥርጣሬው ወደቀ፣ እኛም ባዶ እጃችንን ቀረን።

መፍትሔው የመጣው ከመዝጋቢው ነው። ረቡዕ ከትምህርት በኋላ ደብተሩን ይዞ መምህራን ክፍል በር ላይ ቆመ። «ቲቸር፣ ሁሉም ወድቀዋል፣ ግን እኩል አልወደቁም» አለኝ። ለእያንዳንዱ በረራ ሮኬቱ መታዘዝ ሲያቆም የነበረውን ግፊትና ማዕዘን አባዝቶ ነበር። አንደኛው፦ 31 በ4፣ 124። ሁለተኛው ከዚያ ብዙ አይርቅም። ሦስተኛው፣ ላይኛው ክንፍ የተጨመረበት፣ 25 በ2፣ 50። ስድስተኛው፣ በዝግታ የተጋደለው እንጉዳይ፣ 22 በ5፣ 110። አምስተኛው፣ አዲሱ ቅርጽ፣ 30 በ14።

420።

ደብተሩን ተቀብዬ ቆሜ አነበብኩት። ልጁ ግፊትን በማዕዘን ማባዛት እንዳለበት ከየትም አልሰማም። የእውነተኛ ሮኬት መሐንዲሶች ግን በትክክል ይህንኑ ብዜት ይከታተላሉ፤ ኪው-አልፋ ይሉታል። ኪው ግፊቱ፣ አልፋ ማዕዘኑ ነው። ሮኬቱን የሚያጣምመው ኃይል ከሁለቱ ብዜት ጋር ስለሚያድግ፣ ለእያንዳንዱ ሮኬት ከዚህ አትለፍ የሚባል ገደብ ይወሰናል። የጠፈር መንኮራኩሯ ሸትል ትልቁ ግፊት የሚመጣበት ጊዜ ላይ ዋና ሞተሮቿን ወደ 70 በመቶ ገደማ ዝቅ አድርጋ ታልፍ የነበረው ግፊቱን ለመገደብ ነበር።

የልጁ ቁጥሮች የሚሉት ግልጽ ነበር። የእንጉዳዩ ገደብ 110 እና 125 መካከል ነው፤ እንዴትም ብታበረው እዚያ ሲደርስ ይገለበጣል። የአዲሱ ቅርጽ ገደብ 400 አልፏል። ቅርጹ መለወጡ ሮኬቱን አራት እጥፍ ያህል አጠንክሮታል፤ አምስተኛው የወደቀው አብራሪው በዚያ ግፊት 45 ዲግሪ በአንዴ ለማጋደል ስለሞከረ ነው። ይህን ማንም ቅርጽ አይሸከመውም። ሰኔ 4 ቀን 1996 እ.ኤ.አ. የተወነጨፈው የመጀመሪያው አሪያን 5 የጠፋው እንዲሁ ነው። የመምሪያ ኮምፒውተሩ አንድን ትልቅ ቁጥር በ16 ቢት ቦታ ለመክተት ሲሞክር ተሳስቶ ቆመ፣ የሞተሮቹ የእሳት መውጫዎች የተሳሳተ ትእዛዝ ተከትለው ዞሩ፣ ሮኬቱ ከ20 ዲግሪ በላይ አፈነገጠ፤ 40 ሰከንድ ገደማ ላይ አየሩ በጫናው በተነው። ስህተቱ የኮምፒውተር ነው፣ የሰበረው ግን አየር ነው።

ስለዚህ ሁለት ጥፋቶች ነበሩን፤ እያንዳንዳቸው ለብቻቸው ሮኬቱን ለመጣል ይበቃሉ። እንዲህ ሲሆን አንዱን ማረም ውጤቱን አይለውጠውም፤ ወድቋል ወይስ አልወደቀም ብለህ ብቻ ከጠየቅክ የታረመው ጥፋት ንጹሕ ይመስልሃል። የእኔ ደንብ ጎዶሎ የነበረው እዚህ ላይ ነው። ያልሠራውን መልሱት ከማለቴ በፊት፣ የወደቀበት መንገድ ተለውጧል ወይ ብላችሁ ጠይቁ ማለት ነበረብኝ። ዓመታት ሙሉ ያለዚህ ጥያቄ አስተምሬዋለሁ፤ ባለፉት ተማሪዎቼ ስንት ጥሩ ሐሳብ ተጥሎ ቀርቶ ይሆን እያልኩ አዝናለሁ።

አንድ ነገር ግን እንዳይሳት። ነፋስ የማያቀናው ሮኬት ሁሉ መጥፎ ነው ማለት አይደለም። ብዙ እውነተኛ ሮኬቶች ያለ ጅራት ክንፍ ይበራሉ፤ ሚዛናቸውን የሚጠብቁት ሞተራቸውን ወዲያና ወዲህ እያዘነበሉ ነው። ይህ የሚሆነው ግን የሞተሩ የማቅናት ጉልበት ከአየሩ የማጣመም ጉልበት እስከበለጠ ድረስ ነው። የሞተሩ ጉልበት የተወሰነ ነው፤ የአየሩ ከግፊቱ ጋር ያድጋል። እንጉዳዩ ዝቅ ባለ ፍጥነት በሰላም ይወጣ የነበረውና ፍጥነቱ ከፍ ሲል የሚገለበጠው በዚህ ምክንያት ነው።

ሰባተኛውና ስምንተኛው

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሁለቱ እርማቶች አንድ ላይ ሆኑ። የሞተሩን ጉልበት ግን ሆን ብለን እንደ ቀድሞው 2.1 ላይ ተውነው፤ መዝጋቢው ገደቡን ያውቃል፣ ማየት ፈልጓል። አብራሪው በሰከንድ 80 ሜትር ሲደርስ አፍንጫውን 5 ዲግሪ ብቻ አዘነበለና እጁን ከቁልፉ አነሳ። ከዚያ በኋላ ሮኬቱን ያጋደለው ስበቱ ነው፤ አፍንጫው ሁልጊዜ የሚበርበትን አቅጣጫ እየተከተለ። ግራቪቲ ተርን የሚባለው ይህ ነው። ለእሱ ከባድ የሆነበት እጁን ማንሳቱ ነበር፤ ጣቶቹ ሲርገበገቡ አይቻለሁ። ግፊቱ 38 ደረሰ፣ ከሁሉም በረራ የበለጠ። ማዕዘኑ ግን ከ4 አላለፈም። መዝጋቢው ጮክ ብሎ ይቆጥር ጀመር፤ ድምፁን በደንብ የሰማሁት ያን ቀን ነው። «መቶ ሃምሳ ሁለት... መቶ ሠላሳ... ወረደ!» አዲሱ ቅርጽ ከገደቡ በብዙ ርቆ አለፈ። ምህዋር ገባ፣ ነዳጁ ግን ሊያልቅ ጥቂት ቀርቶት።

በስምንተኛው ጉልበቱን ወደ 1.4 ቀነሱት። ግፊቱ ከ20 አልበለጠም። 10 ኪሎ ሜትር ላይ ሮኬቱ 45 ዲግሪ ገደማ አጋድሎ ነበር፤ ያው አሮጌው ልማድ የሚያዘው ማዕዘን፣ ግን በአንዴ ሳይሆን በዝግታ የተደረሰበት። 80 ኪሎ ሜትር ላይ ምህዋሩ ሲዘጋ ሁለተኛው ደረጃ ውስጥ ከአሥር አንድ እጅ ነዳጅ ተርፏል። ያ ሁሉ ነዳጅ ቀደም ሲል ወፍራም አየር ውስጥ በመሮጥ ይባክን የነበረ ነው።

የገንቢዋ እናት ከጓዳ ወጥተው ምን እንደተፈጠረ ጠየቁ። ልጃቸው ላፕቶፑን ወደሳቸው አዞረች። ትንሿ ሳተላይት ሰሌዳዎቿን ዘርግታ ከሰማያዊው ኳስ በላይ ታልፍ ነበር። «ይቺ ናት አንድ ወር ያስለቀሰቻችሁ?» አሉ፣ ለረጅም ጊዜም ቆመው አዩዋት።

ገንቢዋ እዚያ አላቆመችም። አሁን የጫነችው ሪል ሶላር ሲስተም የሚባለውን ነው፤ ከርቢንን አንስቶ ምድርን በእውነተኛ መጠኗ የሚተካ። ምህዋር ለመግባት 3,400 ሜትር በሰከንድ ገደማ ይበቃት የነበረው አሁን 9,400 አካባቢ ያስፈልጋታል፤ ስምንተኛው ሮኬት አንድ ሦስተኛውን መንገድ ብቻ ነው የሚያደርሳት። አዲሱን በካርቶን ጀምራለች፣ 38 ሴንቲ ሜትር፣ ሦስት ደረጃ። ክንፎቹ ከታች ናቸው። መዝጋቢው ከደብተሩ አዲስ ገጽ ላይ ሠንጠረዥ አስምሮ የገደቡን ቦታ ባዶ ትቶታል፤ ቅዳሜ ሆን ብለን አፈንግጠን እንለካዋለን።